ሁለት የወንፈል ቀን

ንግሥቴ በርበሬ ትቀነጥሳለች። ጣቶቿን ቫዝሊን ቀብታ፣ የነጠላዋን ጫፍ አፍንጫዋ ላይ አስራ፣ ደህናውን በቀኝ፣ የነጣውን በግራ ትጥላለች። በዚያ የቡሬ መጋዘን ሃያ ሴቶች ቢኖሩም የሥራው ልክ የእሷ እጅ ነው፤ ስትፈጥን ይፈጥናሉ፣ ቀና ስትል ወገባቸውን ያሳርፋሉ።

ዛሬ ከሃያዎቹ አንዷ ጎድላለች። ናዚፋ ልጇን አዝላ በር ላይ ቆማለች፤ ዘበኛው አላስገባትም።

ነገሩን ያመጣችው ንግሥቴ ራሷ ናት። ባለፈው ሳምንት ባለ መጋዘኑ ስመኘው፣ «መኪናው ሊመጣ ነው፤ ሁለት ቀን በወንፈል ጨርሱልኝ» ሲል ሴቶቹ ተያዩ። ያለ ክፍያ ማለቱ ነበር። ንግሥቴ ግን ሽንዲ ገጠር ያደገች ናት። አባቷ በንጉሡ ዘመን የጉልተኛውን ሁዳድ በግዴታ ሲያርሱ ኖረው፣ ያ ሁሉ ቀን እንደ ወጣ ቀርቶባቸዋል። ወንፈል ግን ሌላ ነው፤ ዛሬ የጎረቤትን ካጨዱ፣ ነገ ጎረቤት ማጭዱን ይዞ እሳቸው ማሳ ላይ ይገኛል። «ሥራ ሰው አያዋርድም፤ የሚያዋርደው የማይመለስ ቀን ነው» ይሉ ነበር። ስለዚህ፣ «ወንፈል ካለ ይመልሳል» ብላ ሴቶቹን ለሁለቱም ቀን አስቀመጠቻቸው።

ከትናንት በስቲያ የናዚፋ ልጅ ትኩሳት ያዘው። «ከሁለቱ ቀን አንዱን ይመልሱልኝ፤ ላሳክመው» ብትለው ስመኘው ሳቀባት። እሷም ትናንት ቀርታ አሳከመች።

አሁን ስመኘው መጥቶ ከንግሥቴ ራስጌ ቆመ።

«እትዬ ንግሥቴ፣ ይውጡና ያችን ሴት ሌላ ሥራ ፈልጊ ይበሏት። እርስዎን ትሰማለች።»

የንግሥቴ እጅ ቆመ። የሁሉም ቆመ።

«ወንፈል ብለኸን ነበር፣ ልጄ።»

«አባባል ነዋ! እኔ ምን ማሳ አለኝ?»

«ይኸው ማሳህ። አጨድንልህ።»

ከጥግ ተረበኛዋ አደይ፣ «አንተም ና ቀንጥስ እንጂ! አፍንጫህን የምታስርበት ነጠላ አናጣም!» አለች። ሳቁ ከመነሳቱ ጠፋ።

«እትዬ፣ ይሄዳሉ ወይስ ከእሷ ጋር ልቁጠርዎት?»

ንግሥቴ አሥራ አንድ ዓመት የተቀመጠችባትን በርጩማ አየቻት። ሌላ እንጀራ የላትም። ቀሚሷን አራግፋ ተነሳች።

«እሄዳለሁ» አለች። ስመኘው እፎይ አለ።

ናዚፋ ንግሥቴ ስትወጣ አይታ ደነገጠች። «እማማ፣ ምን ብለው ላኩዎት?»

ንግሥቴ የሕፃኑን ግንባር ልትዳስስ እጇን ዘርግታ በርበሬው ትዝ አላት፤ በክንዷ ነካችው።

«በረደለት?»

«ትንሽ።»

ከበሩ አጠገብ ካለው ድንጋይ ላይ ናዚፋን አስቀምጣ ከጎኗ ተቀመጠች። ከውስጥ ስመኘው፣ «እትዬ ንግሥቴ! ነገሯት?» ብሎ ተጣራ። ከበሩ ወዲያ የበርበሬው መንኮሻኮሽ እንደ ቆመ ነው። ተልካ የወጣችበትን ነገር ሳትናገር፣ የሕፃኑን እግር በነጠላዋ ሸፈነችለት።