ከራስ እስከ ተረከዝ

አዛላይስ ሁልጊዜ ጠዋት፣ እሳት እንኳ ሳታነድ፣ የባሏን እግሮች ጭኗ ላይ አስቀምጣ በዝይ ስብ ታሽ ነበር። ጣት በጣት እያለች ቁርጭምጭሚቱ ድረስ ትሄዳለች፤ ከዚያ አታልፍም። ክፉ ንዳድ ይዞት ከዳነ ወዲህ እግሮቹ ሙቀት አያውቁም።

«አንቺ ሴትዮ፣ ስቡን ለሾርባው አስቀሪልኝ እንጂ» ይላታል ፖንስ።

«ዝም በል! ይሄ በድን እግርህ ሌሊት ሲነካኝ የምነቃው እኔ ነኝ።»

ዛሬ ሁለቱም በሕይወት የሉም። እኔ የገዳሙን ሰም የማቀልጥ መነኩሲት ስለነበርኩ ቤታቸው እገባ እወጣ ነበር።

የአዛላይስ ሥራ በሽተኛ መለካት ነበር። ሰው ሲታመም ትጠራና ፈትሏን በምራቋ አርጥባ ከራሱ እስከ ተረከዙ ትዘረጋለች። ፈትሉን ሰም ውስጥ ነክረን በበሽተኛው ቁመት ልክ ጧፍ እናወጣለን፤ ጧፉም በቅድስት ብሩና መቃብር ላይ ይበራል። ቅድስቲቱ በሽተኛውን በቁመቱ ለይታ ታውቀዋለች ይባላል። እንዴት እንደምታውቀው ግን ከአዛላይስ በቀር የሚጠይቅ አልነበረም።

«ቆይ ልጄ፣ ሕፃን ለክተን ጧፉ ሳይበራ ልጁ ቢያድግስ?» ትለኛለች። እስቅባታለሁ። ማታ ጸሎት ላይ ስቆም ግን ጥያቄዋ ተከትሎኝ ይመጣል።

አንድ ዓመት በዐቢይ ጾም፣ ጳጳሱ አባ በርናት የሚባሉ መርማሪ ላኩ። መለካቱ ጸሎት ነው ወይስ ጥንቆላ? ጥንቆላ ከተባለ አዛላይስ ከቁርባን ትለያለች፤ ስትሞትም ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ ትቀበራለች። ሰዉ ቤተ ክርስቲያኑን ሞልቶ ሊሰማ መጣ።

«ፈትሉን አሳጥረሽ ብታቀርቢ፣ ቅድስቲቱ አትሰማሽም ማለት ነው?» አሏት።

አዛላይስ መዳፎቿን አየች። «እኔም ይህን ማወቅ እፈልግ ነበር፣ አባቴ።»

ጉርምርምታ ተነሣ።

«አሳጥረሽ ታውቂያለሽ?»

አፏን ከመክፈቷ ፖንስ በከዘራው ሰው እየገፋ ከኋላ መጣ። «አባቴ፣ ያ ንዳድ ሲጥለኝ እኔንም ለክታኛለች። ይኸው፣ ቆሜያለሁ!»

«በሦስት እግር ነዋ!» አለች ዳቦ ጋጋሪዋ ኤርሜሳን።

ሰዉ በሳቅ ፈነዳ፤ አባ በርናትም መነኩሴነታቸው አላገዳቸውም፣ ሳቁ። ጥያቄው እዚያው ቀረ። በለካሽ ቁጥር አቡነ ዘበሰማያት ድገሚ ብለው ፈቀዱላት።

ያልሳቀችው አዛላይስ ብቻ ነበረች። በማግሥቱ ሰሙን ስናማስል ቀና ብላ አየችኝ።

«ስለ ሰፈራችን ሰው እንደምትጽፊ አውቃለሁ። ስለ እኔም ጻፊ፤ ይህን ብቻ ተዪልኝ። ንዳዱ ሲጀምረው ቀላል መስሎኝ ነበር። ቅድስቲቱ የምታየው ፈትሉን ነው ወይስ ሰውየውን፣ አንድ ጊዜ እንኳ ልወቅ አልኩ። የፖንስን ፈትል ቁርጭምጭሚቱ ላይ በጠስኩት።»