ጮክ ብለህ ድገመው

ከአባቴ የወረስኳት የብር ኩክ ማውጫ ነበረችኝ። የባቲ አንጥረኛ የሠራት፣ ጫፏ ከምስር ቅንጣት የማይበልጥ ማንኪያ፣ በጥቁር ክር ከአንገቴ የማትለይ። ከዙሁር ሶላት በኋላ ጆሮዬን በእርሷ መጥረግ የዕድሜ ልክ ልማዴ ነበር። ልማዱ መጥፎ እንደሆነ ዛሬ ተረድቻለሁ። ይሁንና በገዛ እጄ ስጠርግ በኖርኩበት ዘመን ሁሉ አንድ ጊዜም ደምቼ አላውቅም። የደማሁት የሌላ ሰው እጅ የተጨመረበት ዕለት ነው።

ያ እጅ የሚስቴ ወንድም እጅ ነው። የሰንበቴ ከብት ገበያ ደላላ ነው፤ እንጀራው ሹክሹክታ ነው። ከቆላ የመጣውን ባለ ግመል ወደ ጎን ወስዶ በጆሮው አንድ ነገር ይነግረዋል፤ ከደጋ የወረደውን ገዢ ደግሞ በሌላ ጥግ ሌላ ነገር። አንደኛው የተባለውን ሌላኛው አይሰማም። ይህ ሰው ድምፁን ከፍ አድርጎ ሲናገር ያየሁት ሲቀልድ ብቻ ነው።

ያን ቀንም እየቀለደ ነበር። ከሚሴ ውስጥ፣ በአውራ ጎዳናው ዳር ከምትገኝ ሻይ ቤት በረንዳ ላይ ብቻዬን ተቀምጬ፣ ዓይኔን ጨፍኜ ቀኝ ጆሮዬን እጠርጋለሁ። ከኋላዬ መጣና፣ በኦሮምኛ ሰላምታ ጀምሮ፣ «አካም ጂርታ! ምነው አማቼ፣ ጆሮህን ልታርሰው ነው እንዴ?» ብሎ ትከሻዬን በመዳፉ መታኝ።

መጀመሪያ የሰማሁት ወረቀት ሲቀደድ የሚሰማውን ዓይነት ድምፅ ነው። ሕመሙ ቀጥሎ መጣ። ከዚያ የባጃጆቹ ጩኸት በቀኝ በኩል ጠፋ። እጄ ላይ የወረደውን ደም ሳሳየው ሳቀ።

«አይዞህ፣ ደም አይደለም፤ ቀይ ኩክ ነው!»

ወዲያው የሰንበቴ ሚኒባስ ሊነሳ ሲል ሮጦ ተሳፈረ።

ጤና ጣቢያው ውስጥ ያየችኝ ባለሙያ በመብራት ተመልክታ፣ «አባባ፣ የጆሮዎ ታምቡር ተበስቷል» አለችኝ። «ውሃ እንዳይገባበት። ገላዎን ሲታጠቡ በቫዝሊን የተቀባ ጥጥ ደፈን ያድርጉበት። ከዚያ ሌላ ምንም ነገር እንዳይከቱበት። ብዙ ጊዜ በራሱ ይገጥማል።» ከዚያ አንገቴን አየችና፣ «እሷንም ያውልቋት» አለች። አወለቅኋት።

ጆሮዬ ለእኔ ከአካል ክፍል በላይ ነበር። የተጣሉ ሰዎችን ከሚያስታርቁት ሽማግሌዎች መካከል እቀመጥ ነበርና፣ እዚያ የእኔ ድርሻ መስማት ነው። ሁለቱ ወገኖች ተናግረው ሲጨርሱ፣ አንዱ በኦሮምኛ ሌላው በአማርኛ ያሉትን ሳልጨምርና ሳልቀንስ መልሼ እነግራቸዋለሁ። «አዎ፣ ያልኩት ይህንኑ ነው» ሳይሉ ዳኝነት አይጀመርም። ቁርኣን ከማስተማር ካረፍኩ ወዲህ በሰው ፊት የቀረችኝ ማዕረግ ይህች ብቻ ነበረች።

አማቼ ይህን ያውቃል። ስለዚህ በየሰዉ ጆሮ መዞር ጀመረ። «ሸኹ ደንቁሯል። እጁ ይንቀጠቀጣል፤ የገዛ ጆሮውን ራሱ ነው የበሳው» አለ። ብዙም ሳይቆይ የሽማግሌዎቹ ታላቅ ቤቴ መጥተው፣ ሻይ ጠጥተው፣ ስለ ዝናቡ አውርተው ሲያበቁ፣ «ሸኹ፣ ለጊዜው አረፍ ይበሉ» አሉኝ። በሳምንቱ እኔ ከምቀመጥበት ምንጣፍ ላይ አማቼ ተቀመጠ።

አልተከራከርኩም። ትከሻዬ ሲመታ ያየ ሰው አልነበረም፤ የእርሱ እህት ደግሞ ምሳዬን የምታቀርብልኝ ሚስቴ ናት። ዝምታዬን ግን ማንም ይቅርታ ብሎ አይተርጉምብኝ። ቂሜን ቀን በቀን ስመግባት ቆይቻለሁ።

ክረምቱ ሲወጣ ወደ ጤና ጣቢያው ተመለስኩ። ባለሙያዋ አይታ፣ «ገጥሟል፤ ትንሽ ጠባሳ ብቻ ነው የቀረው» አለችኝ። አልሐምዱሊላህ ብዬ ወጣሁ። ለማንም አልተናገርኩም፤ ለሚስቴም ጭምር። ይሰማሃል ወይ ብሎ የጠየቀኝም አልነበረም። ሰዎች በቀኜ በኩል ተቀምጠው ስለ እኔ ያሻቸውን ያወሩ ነበር፤ አንዲት ቃል አላመለጠችኝም።

ከዚያ አማቼ ለሐጅ ተዘጋጀ። ወደ መካ የሚሄድ ሰው ከመነሳቱ በፊት የበደላቸውን ዞሮ አፉ ያስብላል፤ የሰውን ሐቅ ከባለቤቱ በቀር ይቅር የሚል የለምና። ይህን ትምህርት በልጅነቱ ከእኔ ዘንድ ነው የተማረው።

የስንብቱ ዕለት ግቢው በሰው ሞልቶ ነበር። ዱዓ ተደርጎ፣ ጫት ተይዞ፣ ሽማግሌዎቹ በትራስ ተደግፈው ተቀምጠዋል። አማቼ በአዲሱ ነጭ ጀለቢያው መጥቶ ከቀኜ ተንበረከከና በለመደው ስልት ወደ ጆሮዬ ተጠጋ።

«ያን ቀን ትከሻህን የመታሁህ እኔ ነኝ። ያስወራሁብህም እኔ ነኝ። አፉ በለኝ።»

ሁሉንም ሰምቻለሁ። አልሰማሁም ብዬ ግን አልዋሸሁም። ያልኩት፣ «ድገመው» ነው።

ትንሽ ከፍ አድርጎ ደገመው።

«ጮክ ብለህ።»

ዞር ብሎ ሽማግሌዎቹን አየ። «አማቼ፣ ሰው አለ እኮ።»

«ጮክ ብለህ ድገመው።»

አንዱ ወጣት ከበሩ በኩል፣ «ጋሼ፣ እንደ ሰንበቴ ግመል ነጂ ጩኹበት እንጂ!» ብሎ አሳቀ። ሳቁ ሳያባራ አማቼ ጮኸ።

«ትከሻህን የመታሁህ እኔ ነኝ! ራሱ ነው የበሳው ብዬ ያስወራሁት እኔ ነኝ! ወላሂ እኔ ነኝ!»

ሳቁ ቀጥ አለ። ሚስቴ ከሴቶቹ መካከል ብድግ ብላ ወንድሟን ስታይ አየኋት። የሽማግሌዎቹ ታላቅ፣ ከእኔ ራቅ ብለው የተቀመጡት፣ ወደ ጎረቤታቸው አጎንብሰው በሹክሹክታ፣ «ዱጉማ? እውነት ነው እንዴ? ለካ የሸኹ እጅ ንጹሕ ነበር» አሉ።

«ንጹሕ ነበር» አልኳቸው ከተቀመጥኩበት።

ግቢው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። ሽማግሌው ጢማቸውን ዳበስ ዳበስ አደረጉና፣ «ለሰኞ ሽምግልና ከቦታዎ ይቀመጡ» አሉኝ፤ ድምፃቸውን ከፍ ማድረግ አላስፈለጋቸውም።

አማቼ አሁንም እንደተንበረከከ ነው። «ትሰማ ኖሯል» አለኝ። «እሺ፣ አገኘኸኝ። አሁን አፉ በለኝ፤ መኪናው ሊነሳ ነው።»

ውጭ ሚኒባሱ ጥሩንባውን ይነፋል። እርሱ ገዢዎቹን እንደሚያደርጋቸው ወደ ጆሮው አጎነበስኩና ቃሉን በትንፋሽ ብቻ ተናገርኩት። ተናግሬዋለሁ፤ አላህ ምስክሬ ነው፤ ሐቄን ትቼለታለሁ።

«ምን አልከኝ?» አለ።

ተነሥቼ ጫማዬን መፈለግ ጀመርኩ።

«ምን አልከኝ? አማቼ፣ ስለ አላህ ድገመው!»

ሰዎቹ ሻንጣውን እያወጡ፣ እርሱንም በክንዱ ይዘው እየጎተቱት ነበር። ጫማዬን አድርጌ በሌላኛው በር ወጣሁ።