ፋኖሱን የሚይዝ ሰው

ከዚህ በፊት ምንም ጽፌ አላውቅም። ስድስተኛ ክፍል ስጨርስ ነው ከደብተር ጋር የተለያየነው። ሰው ፊት መናገርም አይሆንልኝም፤ እንግዳ ሲመጣ ጓዳ ነኝ። ይህን የምጽፈው አንድ ቀን ስለተናገርኩ ነው።

ታላቅ ወንድሜ ዓረብ አገር፣ ነዳጅ የሚወጣበት ቦታ ይሠራል። ባለፈው ፋሲካ ለእረፍት ሲመጣ እነ እናቴ ሥራውን ጠየቁት። ከፋብሪካ ጭስ ውስጥ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚሉትን አየር ለይተው ይይዛሉ አለ። ከዚያ አምቀው በቧንቧ ወደ አሮጌ የነዳጅ ጉድጓድ ይሰዱታል። አየሩ ድንጋይ ውስጥ ተጣብቆ የቀረውን ነዳጅ እየገፋ ያወጣል። አብሮ የወጣውንም አየር ለይተው መልሰው ይከቱታል፤ መጨረሻው እዚያው ተቀብሮ መቅረት ነው።

«ጭስ ልትቀብር ነው አገርህን አማኑኤልን ጥለህ ባሕር የተሻገርከው?» አለችው እናቴ። «የእኔን ማድቤት ጭስ ብትቀብርልኝ ምን ነበረበት!»

ሁላችንም ሳቅን። አባቴ ግን አልሳቁም። እኔ ሳልወለድ ታናሽ ወንድማቸው የእህል ጉድጓድ ከፍቶ፣ ሳይናፈስ ዘሎ ገባና የታመቀው አየር አፍኖት እዚያው ቀረ። አባቴ ተከትለው ሊገቡ ሲሉ ሰው ነው ይዞ ያስቀራቸው። ስለዚህ «ጉድጓድ ላይ ለሚሠራ ምርቃት የለኝም» አሉ። እኛ ቤት ደግሞ አባት ሳይመርቅ መንገድ አይወጣም። ሻንጣው ተዘጋጀ፣ የጎረቤት ስንቅ ሁሉ መጣ፤ ምርቃቱ ብቻ ጠፋ።

ሊሄድ አንድ ቀን ሲቀረው የጎተራው እህል አለቀና የጓሮው ጉድጓድ ተከፈተ። ጭቃውና ገለባው ተጠርጎ ድንጋዩ ሲነሣ አባቴ እንደ ልማዳቸው የበራ ፋኖስ በገመድ አወረዱ። ከወንድማቸው ወዲህ ያን ፋኖስ ለማንም ሰጥተው አያውቁም። መብራቱ ገና የጉድጓዱን አፍ አለፍ እንዳለ ጭልም አለ፤ ክፉው አየር አልወጣም ማለት ነው።

ወንድሜ ደስ አለው። «አባባ፣ ይኸው! እኛ የምንቀብረው ይህንኑ አየር እኮ ነው!»

አባቴ ገመዱን ቀስ ብለው ሰበሰቡ። «ወንድሜን የበላውን?»

«አንተ ልጅ፣ ምነው ዝም ብትል!» አለች እናቴ።

አባቴ ፊታቸውን አዙረው መራመድ ጀመሩ። ወንድሜ ለእኔ ጓዳ ቁጭ ብሎ የነገረኝን ለእሳቸው ሊነግራቸው ሲል ምላሱ ተሳሰረ። እኔ ቁና ታቅፌ ቆሜያለሁ።

«አባባ» አልኩ።

ሁሉም ዞረው አዩኝ። ቁናው ውስጥ ብደበቅ በወደድኩ።

«እሱ እኮ ጉድጓድ አይገባም። ክዳኑ ጋ ቆሞ ፋኖስ ነው የሚይዘው። ልክ እንደ እርስዎ።»

አባቴ ወደ ወንድሜ ዞሩ። «እውነቷን ነው?»

«እውነቷን ነው አባባ። በእጅ የሚያዝ መሣሪያ አለኝ። አየሩ ካፈተለከ ይጮኻል። ሲጮኽ ሰው አላስጠጋም።»

«አለቃህ ግባ ቢልህስ?»

«አልገባም።»

«ጓደኛህ ወድቆ ብታየውስ?»

«የአየር ጭንብሌን ሳላጠልቅ አልገባም።»

አባቴ ብዙ አዩት። «እንግዲያው ና» አሉት። ጎንበስ ብሎ ጉልበታቸውን ሳመ። «በሄድክበት ይቅናህ። ከክፉ ነገር ይሰውርህ። ወጥተህ ግባ።» አሜን አልን፤ እናቴማ አሜኗ ከእልልታ ጋር ተደባለቀባት።

በማግስቱ ወንድሜን ሚኒባስ አሳፍረን ስንመለስ ጉድጓዱ ሲናፈስ አድሯል። አባቴ ፋኖሱን አበሩ። እኔ ወደ ጓዳዬ ልገባ ስል ጠሩኝና ገመዱን እጄ ላይ አኖሩት።

«ወዴት ነው? ነይ፣ ቀስ አድርገሽ አውርጂ። እስክትናገሪ ድረስ ማንም አይገባም።»