ረቡዕ ያልገባው ትዕዛዝ

ያን ረቡዕ ዓለም ገና ከተማ ያለው የግንባታ ሳይት ላይ እንደ ሌላው ቀን ዋልን። ታላቅ ወንድሜ ከማል ግንባታውን የሚቆጣጠረው አማካሪ ድርጅት መሐንዲስ ነበር። እኔ ከእሱ ሥር መዝጋቢ ነኝ፤ ትምህርቴ እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ነው።

ሥራውን ያስተማረኝ እሱ ነው። በመጀመሪያው ቀን ኮምፒውተር ላይ የሕንፃውን ሞዴል ከፍቶ አንዱን ዓምድ ነካ። ማን እንዳዘዘው፣ መቼ እንደተሞላ፣ ፎቶው ጭምር ወጣ።

"ተቋራጩና ባለቤቱ ክሌም፣ የካሳ ክርክር፣ ሲጀምሩ ሁሉም ይምላል" አለኝ። "ይሄ አይምልም። የገባለትን ብቻ ያሳያል።"

በኋላ ሱሉልታ አንድ መጋዘን ለምን እንደዘገየ ሲከራከሩ ጉዳዩ የተዘጋው በእኔ ፎቶዎች ነው። ኮርቼ ነበር።

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ከማል የምድር ቤቱን ቁፋሮ አየ። አራት ሜትር ወርዷል፤ የአፈሩ ግድግዳ ደጋፊ የለውም። የተቋራጩን ፎርማን ጠራ።

"ኦቦ ቶላ፣ ደጋፊ ሳይገባ ሰው እንዳይወርድ። ሥራው ቆሟል።"

"አንተ ኢንጂነር፣ ጉድጓድ የምታውቀው ኮምፒውተር ውስጥ ነው" ብለው ሳቁ።

"እዚያ ያለው አይናድማ! የሚናደው የእርስዎ ነው።"

ወደ እኔ ዞረ። "ኢብሮ፣ ትዕዛዙን ዛሬውኑ አስገባ። ስታስገባው ለተቋራጩ ቢሮም ይደርሳል።"

"እሺ" አልኩ።

አላስገባሁም። ኔትወርኩ ይንቀራፈፍ ነበር፤ ሰበታ ደግሞ ኳስ ነበረብኝ። የሳምንቱን ሰብስቤ ቅዳሜ ማስገባት ልማዴ ነበር። ከማል ይህን አያውቅም ነበር።

ሌሊቱን ዘነበ። ሐሙስ ጠዋት ኦቦ ቶላ ሁለት ሠራተኞች አውርደው ነበር። ከማል ከላይ ተጣራ፤ የውሃ መምጠጫው ጩኸት ድምፁን ዋጠው። ሊያወጣቸው ወረደ። እነሱ መሰላሉ ላይ ደረሱ። እሱ አልደረሰም፤ ግድግዳው ተናደበት።

በአካፋ፣ በኋላም በእጃችን ቆፍረን አወጣነው። ከሰዓት ቀበርነው።

ከመቃብር ስንመለስ የተቋራጩ ደብዳቤ አማካሪው ቢሮ ደርሶ ነበር። "የሥራ ማቆሚያ ትዕዛዝ አልደረሰንም። መሐንዲሱ የሞተው በራሱ ቸልተኝነት ነው። ሞዴሉ ይከፈት" ይላል።

የሥራ ባልደረባዬ ሄኖክ ወደ ጎን ሳበኝ። "የኮምፒውተሩን ቀን ወደ ረቡዕ መልሰህ ትዕዛዙን አስገባው። የወንድምህ ስም እኮ ነው፣ ኢብሮ።"



ዓርብ ጠዋት ለቀስተኛውን እቤት ትቼ ሳይት ሄድኩ። ሞዴሉን ከፍቼ ቁፋሮውን ነካሁ። ባዶ ነበር። እንዲህ ብዬ አስገባሁ፦ "መሐንዲስ ከማል ረቡዕ ከሰዓት ሥራው እንዲቆም ፎርማኑን በቃል አዘዘ። አስገባው ብሎ ነገረኝ። አላስገባሁም። ዛሬ ዓርብ ነው። መዝጋቢ ኢብራሂም።"

አትሜ እንዲፈርሙበት ለኦቦ ቶላ ወሰድኩላቸው። ቆመው ሁለት ጊዜ አነበቡ።

"ኤዬ፣ አዎ፣ ብሎኛል" አሉ። "ከፈረምኩ ግን ነገ ሥራ የለኝም፣ ልጄ።"

ወረቀቱን ሲመልሱልኝ ፊቴን አላዩም።

ተመልሼ ከሥሩ ጨመርኩ፦ "ፎርማኑ እውነት ነው አሉ። አልፈረሙም።" ሰዓቱንም ጻፍኩ።

መዝጋቢ ለሆናችሁ፦ ትዕዛዝ በተሰጠበት ሰዓት ይገባል። ለቅዳሜ አይቆይም።