የሁመድ አንገት እስኪድን

አስታማሚነት የጀመርኩት አዋሽ ነው። የመጀመሪያው ቀን ነርሷ እጄን በሳሙና አስታጠበችኝ፤ አልበቃት ብሎ ደገመችኝ። «እማዬ፣ ቁስል የሚያበላሸው መጀመሪያ እጅ ነው» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ በሽተኛ ወዳለበት ስዞር ኖርኩ፤ አዋሽ፣ ዱብቲ፣ ሰመራ። አንድ ቦታ መርጋት አልሆነልኝም።

ሰመራ ላይ ሁመድ የሚባል የግመል ነጋዴ አስታመምኩ። በጉሮሮ ካንሰር ምክንያት አዲስ አበባ ማንቁርቱ ወጥቶ፣ ድምፁም አብሮ ሄዷል። የሚተነፍሰው አንገቱ ላይ በተከፈተ ቀዳዳ ነው፤ የሚመገበው በአፍንጫው በገባ ቱቦ። ቁስሉን የምታየው ሲስተር ፋጡማ አስጠነቀቀችኝ፦ «የውስጡ ስፌት ሳይገጥም በአፉ ቢውጥ የዋጠው ሾልኮ ቁስሉን ያመግለዋል። ያን ጊዜ እንደገና አዲስ አበባ፣ እንደገና ቢላዋ ነው።»

ወላሂ፣ ዕረፍት አጣሁ። የሰመራ አቧራ እንዳይገባበት ቀዳዳው ላይ እርጥብ ጎዝ ላላ አድርጌ እጋርዳለሁ። አንገቱ ቀላ? አበጠ? ትራሱ ረጠበ? ተቀመጥኩ ስል እነሳለሁ። ሁመድ በእጁ «አረፍ በይ» እያለ ያለ ድምፅ ይስቅብኛል።

አንድ ቀን ከቀዶ ሕክምናው ወዲህ ያላየው ታላቅ ወንድሙ ያሲን ከአዳይቱ የግመል ወተት ይዞ መጣ። የሁመድን እጅ ጨብጦ ዳጉ ጠየቀው፤ አፋር ሲገናኝ ወሬውን ሳይለዋወጥ አያልፍም። ሁመድ ከንፈሩን አንቀሳቀሰ፤ ድምፅ የለም።

«ጉሮሮው ደርቋል» ብሎ ያሲን ወተቱን አስጠጋለት። ሁመድ ታላቁን እምቢ ማለት አፍሮ አፉን ከፈተ።

ኩባያውን ቀማሁት።

«አንቺ ሴትዮ! ወንድሜን ወተት ትከለክይዋለሽ?»

«ዳጉውን ከእኔ ተቀበል» አልኩት።

ዳጉ ተጀምሮ አይቋረጥምና ተቀመጠ። በተሰባበረ አፋርኛዬ ከሕመሙ መነሻ ጀምሬ ምን እንደወጣ፣ ቱቦው ለምን እንደገባ፣ ቢውጥ ምን እንደሚሆን ነገርኩት። አፋርኛዬን እያረመ እስከ መጨረሻው ሰማኝ።

«ወተቱን ልመልሰው እንግዲህ?»

«ሲስተርን ጠይቀን፣ አፍልተን በቱቦው እንሰጠዋለን።»

በማግስቱ ያሲን ደጁ ላይ ተቀመጠ። ጠያቂ ሳይገባ ዳጉውን እሱ ይሰጣል። «ምነው አንተ ብቻ ታወራለህ?» ሲሉት፣ «ዕድሜ ልኩን ወሬዬን አስጨርሶኝ አያውቅም፤ አሁን ተራዬ ነው» ይላል።

ሐኪሙ በፈቀደ ቀን ሲስተር ለሁመድ ውሃ በማንኪያ በአፉ ሰጠችው። እኔ ፊቴን አዞርኩ።

«እማዬ፣ ነይ እዪ። የስፌቱ ጎዝ ደረቅ ነው» አለችኝ ሲስተር ቆየት ብላ።

አልሐምዱሊላህ፣ ደረቅ ነበር፤ ውሃው አልሾለከም።

ለጀማሪ አስታማሚ የምለው፦ ጠያቂን አታባሪ። አልጋው ጋ ሳይደርስ አስረጂው።