በእጅ ራዲዮ የተደረሰ ልቅሶ

ባለቤቴ ጎንደር፣ ማራኪ ሰፈር ያለውን ቤታችንን ለእንግዳ ስታሳይ የኔ ጥግ ላይ ስትደርስ «ይቺ ደግሞ የጣውንቴ ጓዳ ናት» ትላለች። ጣውንቷ የእጅ ራዲዮዬ ናት። እንግዳው ደንግጦ ሲያየኝ እስቃለሁ፤ ምን ላድርግ፣ ውሸት አላለችም። አሁንማ ጃናሞራ ያለችው እናቴም እንደሷ ጣውንት መጥታባታለች። እሱን ልንገራችሁ።

ዩኒቨርሲቲው ውስጥ የቤተ ሙከራ ዕቃ ጠጋኝ ነኝ። ከሥራ ስወጣ እንደኔ ይህ ነገር ከለከፋቸው ጥቂት ወዳጆቼ ጋር በራዲዮ አወራለሁ። «ስልክ እያለ ይህ ምን ያደርግልሃል?» የሚለኝ ሰው ሞልቷል፤ ለዚህ ጥያቄ ደግሞ ትዕግሥት የለኝም። ስልክ ማማ ይፈልጋል፣ ማማው መብራት ይፈልጋል፣ መብራቱ የእግዜርን ፈቃድ ይፈልጋል። ራዲዮ የሚፈልገው ማዶው ተገልጦ እንዲታይ ብቻ ነው። ራሷ ከመዳፍ ብዙም አትበልጥም፤ ጓዟ ግን የሙሽራ ጓዝ ነው። አጭር የጎማ አንቴና አላት፤ ክንድ የሚያህል ረጅም ደግሞ ሌላ። ቀበቶ የሚነክስ መያዣ፣ ትርፍ ባትሪ፣ በፀሐይ የሚሞላ ቻርጀር፣ ልብስ ላይ የሚሰካ ማይክ። ጆሮ ውስጥ የሚወተፈውን ማዳመጫ ግን አልወደውም፤ ሰው ሲያናግረኝ የማልሰማ ደንቆሮ ያስመስለኛል።

አባቴ የሚኖረው ጃናሞራ ውስጥ፣ ከመካነ ብርሃን ከተማ ወዲያ፣ ገደል አፋፍ ላይ ነው። ከገደሉ ማዶ የክርስትና አባቴ አሉ። ሁለቱ አብሮ አደጎች ናቸው፤ የኔ ክርስትና ደግሞ አበልጅ አደረጋቸው። ከደጅ ሆነው ቤት ለቤት ይተያያሉ፤ የአንዱ ከብት ሲወጣ ሌላው ያያል። መንገዱ ግን ያንን ገደል ወርዶ መውጣት ነው፤ በቅሎ እንኳ አይደፍረውም። ጉልበት ሳለ ይጠያየቁ ነበር። ጉልበት ሲደክም ካፋፍ ላፋፍ እየተጣሩ ያወሩ ጀመር። በኋላ ድምፃቸውም ደከመ። የስልክ ነገር እዚያ አይነሣ።

ባለፈው ዓመት የክርስትና እናቴ፣ የክርስትና አባቴ ባለቤት፣ አረፉ። አባቴ ዳሌው አልላወስ ብሎት ቀረ። ከሠርግ የቀረ ሰው አሞት ይሆናል ይባላል፤ ከወዳጅ ልቅሶ የቀረ ግን ምን ይባላል? እኔ ከጎንደር ደርሼ፣ ገደሉን ተሻግሬ ልቅሶ ስደርስ የክርስትና አባቴ ስለ ልጆቼ ጠየቁኝ፣ ስለ ሥራዬ ጠየቁኝ፣ ስለ ጎንደር ኑሮ ጠየቁኝ። «አባትህ ምነው ቀረ?» የምትለውን ግን አልጠየቁኝም።

ይህንን ለአባቴ ስነግረው ፊቱ ጠቆረ። «ተስፋ ቆርጦብኛል» አለ። «ቢቀየመኝ ይጠይቅህ ነበር። ሰው የማይጠይቀው የተወውን ነው።»

«እንግዲያው መልእክት ስጠኝ፣ ተመልሼ ልንገራቸው» አልኩት።

«‹እግዜር ያጽናህ› በሰው አፍ ይላካል? ሞኝ ነህ እንዴ!» ብሎ ጮኸብኝ። ቁጣዬን ከማን እንደወረስኩት ይኸው ተናገርኩ። ከዚያ ወዲያ እህል አልበላ አለ፤ እናቴ ሽማግሌ ሰው በሐዘን ይሞትብኛል ብላ እኔን ወጥራ ያዘችኝ።

ማዶው ይታያል አይደል? ከመስቀል በኋላ ሰማዩ ሲጠራ ሁለት ራዲዮ ይዤ ወጣሁ። አባቴን አፋፉ ላይ በርጩማ አስቀምጬ፣ ረጅሙን አንቴና ገጠምኩለት፤ ማይኩን ጋቢው ላይ ሰካሁለት። «ይህችን ተጭነህ ትናገራለህ፣ ስትጨርስ ትለቃለህ። እሳቸው ሲለቁ ጢጥ ትላለች፤ ያኔ ተራው ያንተ ነው» አልኩት። «ገባኝ፣ ገባኝ» አለኝ። የገባው ሰው ሁለቴ አይልም፤ ይህንን ማወቅ ነበረብኝ።

ገደሉን ወርጄ ወጥቼ ማዶ ስደርስ ላብ በላብ ሆኛለሁ። ራዲዮውን አጠቃቀሙን አሳይቼ ለክርስትና አባቴ ሰጠኋቸው። ብድግ አሉ፤ ሰው ከደጅ የገባ ይመስል ጋቢያቸውን አስተካከሉ፤ ከዚያ ተጫኑ። «እንደምን ከረምክ? ደህና ነህ? ቤቱ ደህና ነው? ከብቱ ደህና ነው? እግዜር ይመስገን፣ እንደምን ከረምክ…» ትንፋሽ የለም፣ እረፍት የለም። የኛ አገር ሰላምታ እንዲህ ነው፤ ሁለቱም አንድ ላይ ይጠይቃሉ፣ አንድ ላይ ያመሰግናሉ። አፉን ዘግቶ መልስ የሚጠብቅ ሰው ኩራተኛ ነው። በራዲዮ ደግሞ ቁልፉን የተጫነ ሰው ሌላውን አይሰማም። አባቴም ማዶ ሆኖ ተጭኖ ያመሰግናል። አንዳንዴ የአንዱ ጣት ሲላላ «…ይመስገን» የምትል ጭራ ትመጣለች፤ ከዚያ ደግሞ ሁለቱም ይጫናሉ።

በመጨረሻ የክርስትና አባቴ ጣታቸውን አነሡ። ያኔ የአባቴ ድምፅ መጣ። ጣቱን ሳያነሣ አጠገቡ ላለችው እናቴ ነበር የሚናገረው። «አየሽ? ሰላምታውንም ነሣኝ።»

የክርስትና አባቴ ወደኔ ዞሩ። «እኔ ነኝ የነሣሁት? ዝም ያለኝ እሱ አይደለም ወይ?»

ወይ ጣጣ! ሊያገናኝ የመጣው ዕቃ ሊያጣላ ነው።  ራዲዮውን ከእጃቸው ተቀበልኩና የአባቴን ጢጥታ ጠብቄ ተጫንኩ። «አባዬ፣ ቅዳሴ ላይ ቄሱ ሰላም ለኩልክሙ ሲሉ አብረሃቸው ትጮሃለህ ወይስ እስኪጨርሱ ጠብቀህ ምስለ መንፈስከ ትላለህ?»

የአባቴ ሳቅ መጣ። «ኧረ አንተ ልጅ! ይህንን መጀመሪያ አትለኝም ነበር?» ጢጥ።

ከዚያ በኋላማ ምኑን ልንገራችሁ፤ ቅዳሴ ሆነ። አንዱ ይላል፣ ሌላው ይቀበላል። ስለ ገብሱ ተባለ፣ ስለ ጉንፋኑ ተባለ፤ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም። ቀጥሎ አባቴ ድምፁ ዝቅ አለ። «እግዜር ያጽናህ። ነፍሷን ይማር። ሸጋ ሴት ነበረች። እኔ… አልመጣሁም ወንድሜ። አልቀበርኳትም።» ጢጥ።

 የክርስትና አባቴ ቁልፉ የጠፋቸው መስሎኝ እጄን ስዘረጋ ራሳቸው ተጫኑ።

«መጥተሃል እንጂ። የተቀበረች ዕለት አፋፉ ላይ ለሐዘን ጋቢህን አዘቅዝቀህ ከጧት እስከ ማታ ስትቆም አላየሁህም ወይ? ሰዉ ሁሉ ዳስ ውስጥ ተቀምጦ አንተ ፀሐይ ላይ ቆመህ ዋልክ። ታዲያ ልጅህን ምነው ቀረ ብዬ ልጠይቀው?»

አባቴ መቆሙን ለማናችንም አልነገረንም ነበር። ወደ ማዶ አየሁ፤ ከበርጩማው ተነሥቶ ቆሟል። ከራዲዮው የሚሰማ ነገር የለም። ቆይቶ ቆይቶ፣ አንዲት ቃል ሳይቀድማት፣ ጢጥ አለች።

«ሰማሁህ» አሉ የክርስትና አባቴ።