ያልተነሱት እጆች

ማንበብ የተማርኩት በሃያ ስድስት ዓመቴ ነው። ከወለንጪቲ ናዝሬት የመጣሁት ከባሌ ቤት ወጥቼ ነበር፤ ጓዜ አንድ ሻንጣ አይሞላም። በመሠረተ ትምህርት ክፍል የኋለኛው አግዳሚ ላይ ስቀመጥ፣ አጠገቤ ያሉት ሴቶች ልጆቻቸውን እያጠቡ ፊደል ይቆጥሩ ነበር። እኔ የማጠባው ስላልነበረኝ ነው መሰለኝ ቀደምኳቸው። በዓመቱ የቀበሌያችን ሴቶች ማኅበር ጸሐፊ ሆንኩ። በችሎታ ተመርጬ አይደለም። የቀድሞዋ ጸሐፊ ወልዳ ተኛች፤ ደብተሩን የሚይዝ ሰው ጠፋ፤ «ይቺ ዝምተኛዋ ትያዘው» ተባለ።

ያስተማሩን ሴት ከዚያ በፊት አዲስ አበባ፣ በከፍተኛ ትምህርት ተቋም መምህርት ነበሩ። በጻፉት ነገር ምክንያት ይመስለኛል፣ ወደ ናዝሬት፣ ወደ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተዛወሩ። ጠዋት ልጆች ያስተምራሉ፤ ከሰዓት በኋላ እኛን። ስማቸውን አልጽፍም፤ መምህሬ ማለት ይበቃኛል። ቀጭን፣ ጠይም ናቸው፤ በዚያ ሁሉ አቧራ መሐል ጫማቸው ሁልጊዜ የተወለወለ ነበር።

ቃለ ጉባኤ አያያዝ ያሳዩኝ እሳቸው ናቸው። ገጹን በማስመሪያ ለሁለት ከፈሉት።

«እዚህ ተናጋሪው፤ እዚህ ንግግሩ። የተባለውን እንጂ መባል የነበረበትን እንዳትጽፊ። እጅ ሲወጣ ደግሞ ሦስት ጊዜ ትቆጥሪያለሽ፤ የደገፈ፣ የተቃወመ፣ ድምፀ ተአቅቦ ያደረገ።»

«ድምፀ ምን?» አሉ ሽንኩርት የሚሸጡ አንዲት እናት። ሁላችንም «አዴ» እያልን ነበር የምንጠራቸው፤ አማርኛቸው ላይ ኦሮምኛ ጣል ሲያደርጉበት ይጣፍጥ ነበር።

«የደገፈም የተቃወመም ያልሆነ። ዝም ያለ።»

«ዝም ያለም ይጻፋል እንዴ?»

«ይጻፋል፣ አዴ።»

«እንግዲያ ይቺ ልጅ» አሉ ወደ እኔ እየጠቆሙ፣ «ዕድሜዋን ሙሉ ስትጻፍ ኖራለቻ!»

ክፍሉ በሳቅ ሞላ። እኔም ሳቅኩ።

በዚያ ዓመት እሑድ እሑድ፣ መምህሬና እኔ በአውቶቡስ ሞጆን አልፈን ዓለም ጤና እንሄድ ነበር። እሳቸው ሽንኩርት ማሳ ላይ የሚሠሩትን ሴቶች ይጠይቃሉ፤ እኔ እጽፋለሁ። ጥያቄያቸው አጭር ነው። ማን ይተክላል? ማን ያጠጣል? የገበሬ ማኅበሩ መዝገብ ላይ ያለው የማን ስም ነው? ሦስተኛው ላይ ሲደርሱ ሴቶቹ ይስቃሉ። አንዷ ባሏ ከዘመተ ሁለት ዓመት አልፎታል፤ ማሳው የሚለማው በእሷ ጉልበት፣ የተመዘገበው በእሱ ስም ነው። «እሱ አንድ ነገር ቢሆንስ?» አሏት መምህሬ። «እሱ ከሌለማ እኔም የለሁም» አለች፣ ውኃውን በአካፋ ወደ ሌላው ቦይ እየመለሰች። እንዳለችው ጻፍኩት።

መምህሬ ጥናቱን ያነበቡት በሴቶች ቀን ነው፤ በቀበሌው አዳራሽ፣ ከበላይ አካል በመጡ እንግዶች ፊት። መጨረሻ ላይ ከወረቀቱ ቀና ብለው «ሴቲቱን ከማጀት አወጣናት እንላለን፤ መዝገቡ ላይ ግን ዛሬም ማጀት ውስጥ ናት» አሉ። አንድ ቃል ሳላስቀር ጻፍኩ። ኮራሁ እንጂ ፍርሃት አልመጣብኝም። ቃለ ጉባኤው እንደ ደንቡ ወደ በላይ ተላከ። በሁለተኛው ሳምንት ተመልሶ ሲመጣ፣ ያቺ ዓረፍተ ነገር በቀይ ተሰምሮባት ነበር።

ከዚያ ወዲያ መምህሬ እንደሚታሰሩ ሁላችንም እናውቅ ነበር፤ እሳቸውም ጭምር። በዚያ ሐሩር ወፍራም ሹራብ ደርበው ክፍል መምጣት ጀመሩ። «ብርድ ብርድ ይለኛል» ይሉናል፣ ላባቸው እየወረደ። የትም ቦታ ቢይዟቸው የሚደርቡት እንዳያጡ መሆኑ የገባኝ ቆይቶ ነው። አንድ ቀን ሰሌዳውን ሲያጸዱ ጠብቄ፣

«ያቺን ነገር ባልጽፋት ኖሮ…» አልኳቸው።

«ተናግሬያታለሁ አይደል? ከጻፍሽው ሁሉ ደኅናው እሱ ነው» አሉኝ። «ይልቅ ያን ጠመኔ አቀብይኝ።»

ስብሰባው የተጠራው እሑድ ጠዋት ነበር። የአዳራሹ ቆርቆሮ ገና በማለዳው ይንጣጣል። መምህሬን ከመድረኩ ሥር ለብቻቸው ወንበር ላይ አስቀምጠዋቸዋል። የቀበሌው ሊቀ መንበር ቀድሞ ልብስ ሰፊ የነበረ ሰው ነው፤ ከአብዮቱ በፊት ብዙዎቻችን የሰፋልንን ቀሚስ ለብሰናል። ያለ ፈቃድ ሴቶችን ትሰበስባለች፣ ገጠር ድረስ እየወረደች ቅሬታ ትዘራለች አለ። ከዚያ ደረቱን ነፍቶ፣

«ለሚመለከተው አካል ተላልፋ እንድትሰጥ የምትደግፉ፣ እጅ!» አለ።

የፊተኛው አግዳሚ አነሳ። ቀጥሎ የሁለተኛው። ብዙ ሴት አንድ ላይ እጅ ስታነሳ የነጠላ ኮሽታ ይሰማል። አዴ ሁለቱንም እጃቸውን ነጠላቸው ውስጥ ከትተው ተቀምጠዋል።

«አዴ፣ ክንድዎን አሞዎታል እንዴ?»

«ክንዴ ደኅና ነው።»

«ታዲያ ያንሱዋ!»

«ሂን ካሱ» አሉ። አላነሳም ማለታቸው ነው። «ባሌ ሲሞት ከቤቴ ልታስወጡኝ ነበር። ማመልከቻ የጻፈችልኝ ይቺ ሴት ናት። በየትኛው እጄ ላንሳባት?»

ከኋላ አንዲት ሴት ሳቀችና ሳቋን ዋጠችው። እኔ ቆጠርኩ። ያላነሱት ሰባት ናቸው። «የሚቃወም» ብሎ ስላልጠየቀ፣ ሰባቱንም ዝም ካሉት ጋር ጻፍኳቸው፤ ድምፀ ተአቅቦ፣ ሰባት።

ሊቀ መንበሩ ወደ ጠረጴዛዬ መጥቶ ደብተሩ ላይ አጎነበሰ። ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ይሄ ምንድን ነው፣ እህቴ?»

«ያላነሱት ናቸው።»

«ቁጥር ብቻ ልኬ ዝም አይሉኝም፤ እነማን ናቸው ይሉኛል። ወይ ስማቸውን ከጎኑ አስፍሪ፣ ወይ ገጹን በአዲስ ወረቀት ገልብጪና በሙሉ ድምፅ በይው።» ሊሄድ ብሎ ተመለሰ። «ስም የምትጽፊ ከሆነ ደግሞ ስምንት ነው። አንቺም አላነሳሽም።»

«እየጻፍኩ እኮ ነበር።»

«እሱን ለእነሱ ታስረጃቸዋለሽ።»

ቀና ብዬ ሰባቱን አየኋቸው። አንዷ አራስ ልጅ አዝላለች። አዴ ጉልበታቸውን እያሻሹ ነው። ገጹን ገለበጥኩት። «በሙሉ ድምፅ» ብዬ ጻፍኩ። ፊደሎቹ ያማሩ ነበሩ። የመጀመሪያውን ገጽ ሊቀ መንበሩ ቀድዶ ኪሱ ከተተው።

«ቃለ ጉባኤው ይነበብልኝ» አሉ መምህሬ። «መብቴ ነው።»

«አንብቢላት» አለኝ ሊቀ መንበሩ።

ቆሜ አነበብኩ። ስጨርስ ዓይናቸውን በአግዳሚዎቹ ላይ ቀስ አድርገው አዞሩ፤ ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ አይቻለሁ፣ ልጅ ሲቆጥር እንደሚያደርገው። ከዚያ እኔን አዩኝ።

«ቀኑን አልጻፍሽም» አሉ።

ቀኑን ጻፍኩ። ጠመንጃ የያዙ ሁለት ሰዎች አስነሥተዋቸው ይዘዋቸው ወጡ። ደጅ የቆመ ባለጋሪ ፈረሱን ገለል አደረገላቸው። ጫማቸው እንደተወለወለ ነበር።

ሦስት ሳምንት ወደ ታሰሩበት ስንቅ አመላለስኩ። ዘበኛው ምሳ ዕቃውን ከፍቶ በማንኪያ ያማስለዋል፤ ወደ ማታ ባዶውን ይመልስልኛል። በአራተኛው ሳምንት እንድንተያይ ፈቀዱልን። መሐላችን ሽቦ አለ። ከስተዋል፤ ሹራቡ ሰፍቷቸዋል።

«አዴ ደኅና ናቸው?» አሉ መጀመሪያ።

«ደኅና ናቸው። የነካቸው የለም።»

«ሌሎቹስ?»

«የነካቸው የለም።»

ሹራባቸውን ሰበሰብ አደረጉ። «ሲመረምሩኝ የሚያነቡልኝ የገጽሽን ግልባጭ ነው። የገዛ ሴቶችሽ፣ በሙሉ ድምፅ፣ ይሉኛል። አንዲት እንኳ የቆመችልሽ የለችም ይሉኛል።»

«መምህሬ፣ ስም ጻፊ ብሎኝ ነው…»

«አውቃለሁ። ስንት ጽፈሽ ነበር?»

«ሰባት።»

«እኔ ስምንት ነው የቆጠርኩት» አሉ። ፈገግ ያሉ መሰለኝ። «ማታ ማታ እሱን ይዤ ነው የምተኛው። ስምንት።»

እኔ እኮ ያላነሳሁት እስክሪብቶ ይዤ ስለነበር ነው ልላቸው አፌ ላይ ደረሰ። እውነቱን ጻፊ ያሉኝ ሴት እውነቱን ይፈልጉ ነበር ይሆናል። ዘበኛው «ይበቃል» አለ፤ ሳልናገር ወጣሁ። በሳምንቱ ስንቅ ይዤ ስሄድ «ወደ አዲስ አበባ ተዛውራለች» አሉኝ። ከዚያ በኋላ አላየኋቸውም። ከዓመታት በኋላ ተፈቱ ሲባል ሰማሁ፤ ናዝሬት ግን አልተመለሱም።

መምህሬ በተዛወሩ ሰሞን ዓይኔን ያመኛል ብዬ ደብተሩን መለስኩ። ለሌላ ለአንዲት ልጅ እግር ሴት ሰጡት፤ እሷም የመምህሬ ተማሪ ናት። በሚቀጥለው ስብሰባ ለመጀመሪያ ጊዜ ባዶ እጄን አግዳሚው ላይ ተቀመጥኩ። አጀንዳው የከሰዓት በኋላው የሴቶች ክፍል ይዘጋ የሚል ነበር፤ አስተማሪው ስለሌለ፣ ቦታውም ለእህል ማከማቻ ስለሚፈለግ።

«የምትደግፉ፣ እጅ!» አለ ሊቀ መንበሩ።

የፊተኛው አግዳሚ አነሳ። የእኛ አግዳሚ አነሳ። እጄ ከሌሎቹ መሐል ነበር። አልቀደመም፣ አልዘገየም፤ እንዲያው ከሰው ጋር ተነሳ። አዴ ከማዶ ሆነው አዩኝ። የእሳቸው ሁለት እጅ ነጠላቸው ውስጥ ነበር።

አዲሷ ጸሐፊ ልትጽፍ አጎንብሳ ቆም አለች። ያላነሳ ሰው እንዴት እንደሚጻፍ የጠፋት መሰለኝ። ወደ ኋላ ጥቂት ቅጠል ገልጣ የእኔን ገጽ አገኘች፤ በጣቷ እየተከተለች አነበበችው። ከዚያ ማንም ሳያዛት፣ ከእሱ እያየች «በሙሉ ድምፅ» ብላ ገለበጠች።